ማስጠንቀቅና ማስፈራራት

በቅጥር ላይ የቆመ ጠባቂ ሰይፍ ሲመጣ አይቶ መለከት ባይነፋ፥ የሚጠፋው ሰው ደም ከእጁ እንደሚፈለግ ነቢዩ ሕዝቅኤል አስተምሮናል። ይህን ትምህርት እኛ ካህናት ደጋግመን ስለምናነበው፥ ነፍስንም ሆነ ሥጋን የሚጐዳ ነገር ሲመጣ ዝም ማለት እንዳልተፈቀደልን እናውቃለን። ነገር ግን አንድ ፈረሰኛ አይቶ ሺህ ነው እያለ ስለሚጮኸው፥ ጠላትም ከተመለሰ በኋላ መለከቱን ከአፉ ስለማያወርደው ጠባቂ ብዙ ጊዜ አንነጋገርም። በዘመናችን የበዛው ግን ይህ ሁለተኛው ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ እንዲህ ያለ ነው፤ ሰውን ከደዌ ለማዳን ሲባል የደዌውን አደጋ ከእውነተኛ መጠኑ አግዝፎ መንገር ይገባልን? ጥያቄውን ያነሣነው ለክርክር ብለን ሳይሆን በራሳችን ስለ ደረሰ ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና ደዌ በአዲስ አበባ በአንድ ሰው ላይ መገኘቱ በተነገረ ጊዜ ሀገሩ ሁሉ ደነገጠ። መጋቢት 27 ቀን በደዌው መሞት እንደ ተጀመረ ተሰማ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ ሆኖ መሰብሰብም፥ መጨባበጥም ተከለከለ። የዚያ ዓመት ሰሞነ ሕማማት፥ ሚያዝያ 11 ቀን የዋለው በዓለ ትንሣኤም በየአብያተ ክርስቲያናቱ በጥቂት ካህናት ብቻ ተፈጽሞ ምእመናን በየቤታቸው ዋሉ። ይህን ትእዛዝ ያን ጊዜ አልነቀፍነውም፤ ዛሬም አንነቅፈውም። ደዌው እውነተኛ ነበረ፤ ከመካከላችንም የወሰዳቸው አሉ።

የተበላሸው የነገሩ መጠን ነው። መቀመጫው በአዲስ አበባ የሆነው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፥ ብርቱ ጥንቃቄ ቢደረግ በአፍሪካ ወደ 300,000 ሰው፥ ምንም ጥንቃቄ ባይደረግ ግን እስከ 3,300,000 ሰው ሊሞት እንደሚችል ገምቶ ነበር። ግምቱ «ባይደረግ» የምትል ቃል ነበረችበት። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲሻገር ያች ቃል በመንገድ ወደቀች፤ ትንሹም ቍጥር አብሯት ወደቀ፤ ታላቁ ቍጥር ብቻውን ወደ እኛ ደረሰ። በዚያ ወራት ደግሞ ስልክ የደወለ ሁሉ፥ ወዳጁ ከማንሣቱ በፊት ስለ ደዌው የሚያስጠነቅቅ ድምፅ ይሰማ ነበር። ልጅ መወለዱን ለማብሠር የደወለም፥ እኅቱን ለመጠየቅ የደወለም በዚያ በር ሳያልፍ አይነጋገርም። ማታ ማታ ባለፉት 24 ሰዓታት ስንት ሰው እንደ ተያዘና ስንት እንደ ሞተ ይነገራል። ድምፁም ሆነ ቍጥሩ ሐሰት አልነበረም። ይሁን እንጂ ከታመሙት አብዛኞቹ እንደሚድኑ፥ ደዌው በተለይ ለሽማግሌዎችና ሌላ ሕመም ላለባቸው እንደሚከፋ በዚያው መጠን ጎልቶ አልተነገረም። በሀገራችን እስከ 2015 ዓ.ም. በመንግሥት መዝገብ የተጻፈው ሞት ከ7,500 ጥቂት የሚበልጥ ነው። ሳይመረመርና ሳይቈጠር የሞተም ብዙ መኖሩ የማይቀር ነውና ይህን የምንጽፈው ደዌውን ለማቃለል አይደለም፤ ያን ጊዜ በሕዝቡ ልብ ከተሳለው ሥዕል ጋር እንዲመዛዘን ነው።

አውበሬ፥ ተፈሪ በር በመባልም የምትታወቀው፥ ከጅግጅጋ ወዲያ በሶማሌላንድ ድንበር አጠገብ ያለች ከተማ ናት። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮም የሶማልያ ስደተኞች መጠለያ ሆናለች። ነዋሪዎቿ ሙስሊሞች ናቸው፤ የእኛ ምእመናን ጥቂቶች፥ እነዚያም በሥራና በንግድ ከሌላ ሀገር የመጡ ናቸው። እንዲህ ባለው ቦታ ወሬ ከሁለት ወገን ይመጣል፤ ከጅግጅጋ በራዲዮና በስልክ፥ ከድንበር ማዶ ደግሞ በነጋዴ አፍ። ሁለቱ በገበያ ሲገናኙ ማን ምን እንዳለ መለየት ያስቸግራል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ምእመናን የሚያምኑት የካህንን ቃል ነው። እኛም በዚያ መጋቢት፥ ዐቢይ ጾም ሳለ፥ በጅግጅጋ በዐውደ ምሕረት ቆመን ይህ ደዌ የያዘውን እንደማይለቅ፥ ወደ ለይቶ ማቆያ የተወሰደ እንደማይመለስ፥ የሞተውም ያለ ፍትሐት እንደሚቀበርና ልጅ አባቱን እንደማይቀብር አስተማርን። ይህን ከየት እንደ ሰማነው ዛሬ ብንጠየቅ መልስ የለንም። አሳባችን ሕዝቡ እንዲጠነቀቅ ነበር። ሕዝቡ አለቀሰ፤ እኛም ለቅሶውን አይተን ትምህርታችን ልብ እንደ ነካ ቈጠርነው።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ምእመናንን ለመጐብኘት ወደ አውበሬ ወረድን። በገበያው ልብስ ይሸጥ የነበረ አንድ ምእመን ከታየ ብዙ ወር እንደ ሆነው ነገሩን፤ ወደ ሀገሩ ሄዷል የሚሉም ነበሩ። ቤቱን ብናንኳኳ ከውስጥ ሳል ሰማን። ከብዙ ልመና በኋላ በሩን ከፈተልን፤ እርሱ ግን ወደ ጓዳ ሸሽቶ ከመጋረጃ በስተኋላ ቆመ። ከግንቦት ጀምሮ ያስለዋል፤ ሌሊት ያልበዋል፤ ሰውነቱ ከመመንመኑ የተነሣ ልብሱ የሌላ ሰው መስሏል። ሳሉ ሲበረታበት አብሮት ይኖር የነበረውን የወንድሙን ልጅ በሐምሌ ወደ ዘመድ ሰድዶ ብቻውን ቀረ። ጎረቤቱ የሆኑ አንዲት ሶማሌ እናት በየማለዳው ሻይ በደጁ አስቀምጠውለት ይሄዳሉ፤ እርሱም እርሳቸው ሲርቁ አንሥቶ ይጠጣል። ጤና ጣቢያ ለምን አልሄድህም ብንለው፥ «ሄጄ ያለ ፍትሐት ልቀበር? እዚህ ብሞት አንድ የሚያገኘኝ ሰው አይጠፋም» አለ። ይህን ማን ነገረህ አልነው። ጥቂት ዝም ብሎ «ከእርስዎ ነው የሰማሁት፥ አባ» አለን።

በማግሥቱ ይዘነው ሄድን። አክታው ሲመረመር ደዌው የሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። ይህ ከጥንት ጀምሮ ሀገራችን የምታውቀው፥ መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ዋጋ የሚሰጥ፥ እንደ ደንቡ ስድስት ወር ቢወሰድ የሚድን ደዌ ነው። በግንቦት ሄዶ ቢሆን ኖሮ በኅዳር በዳነ ነበር። ሕፃኑም ተፈልጎ ሲመረመር ያው ደዌ ተገኘበት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩን በመጻሕፍት መመርመር ያዝን። ሙሴ ምድረ ከነዓንን ይሰልሉ ዘንድ 12 ሰዎችን እንደ ላከ በኦሪት ዘኍልቍ ተጽፏል። እነዚህ 40 ቀን ዞረው፥ የወይን ዘለላ በመሎጊያ ለሁለት ተሸክመው ተመለሱ። ዐሥሩ የተናገሩት ሁሉ ሐሰት አልነበረም፤ ከተሞቹ የተመሸጉ ነበሩ፤ የዔናቅ ልጆችም በዚያ ይኖሩ ነበር። በደላቸው በላዩ መጨመራቸው ነው። ምድሪቱን ሰው የምትበላ አደረጓት፤ ራሳቸውንም በረጃጅሞቹ ፊት እንደ አንበጣ ቈጠሩ። አንባቢ እዚህ ላይ ልብ ይበል፤ ስለ ጠላት ቁመት መናገር የጀመሩት ሰዎች ሳያውቁት ስለ ራሳቸው ቁመት መናገር ጀመሩ። የተጋነነ ነገር ጠባዩ ይህ ነው፤ አደጋውን ሲያገዝፍ የሚሰማውን ሰው ያሳንሰዋል፤ ራሱን ያሳነሰ ሰው ደግሞ የሚቻለውንም መሥራት ያቅተዋል። ያ ሕዝብ በዚያች ሌሊት ሲያለቅስ አደረ፤ ወደ ግብፅ እንመለስ አለ፤ ስለዚህም ነገር 40 ዓመት በምድረ በዳ ቀረ። ካሌብና ኢያሱ ግን ረጃጅም ሰዎች የሉም አላሉም። ያዩትን አልሸሸጉም፤ ከእግዚአብሔር ጋር የሚቻል መሆኑን ግን አልተዉም።

ከዚህ ይልቅ የገሠጸን ግን ኦሪት ዘሌዋውያን ነው። ስለ ለምጽ የተጻፈውን 13ኛውን ምዕራፍ ብዙዎቻችን እንደ ደረቅ ሕግ እናልፈዋለን። ስንመለከተው ግን ለካህን የተሰጠ የጥንቃቄ ትምህርት ነው። በሰው ሥጋ ላይ የሚያጠራጥር ነጭ ቋቍቻ ቢታይ ካህኑ ለምጽ ነው ብሎ አይጮኽም፤ ሰባት ቀን ለይቶ ያቆየዋል፤ በሰባተኛው ቀን ያየዋል፤ እንደ ነበረ ካለም ሌላ ሰባት ቀን ይጨምራል። ቋቍቻው ከደበዘዘና በቆዳው ላይ ካልሰፋ ንጹሕ ነህ ብሎ ይሰድደዋል። የሚለይበት ቀን የተቈጠረ ነው፤ የሚያየው ዐይን የታወቀ ነው። ለምጽ ሆኖ የተገኘው ሰው ከሰፈር ውጭ ይቀመጣል፤ የዳነ እንደ ሆነ ግን በቀጣዩ ምዕራፍ እንደምናነበው ካህኑ ራሱ ከሰፈር ወደ ውጭ ይወጣል፤ ያየዋል፤ ነጽቷል ብሎ ወደ ወገኖቹ ይመልሰዋል። ጌታችንም ያነጻውን ለምጻም ሂድና ራስህን ለካህን አሳይ ያለው ይህን ሥርዓት ጠብቆ ነው። እንግዲህ ረክሷል የሚለውን ቃል የመናገር ሥልጣን የተሰጠው፥ ነጽቷል የሚለውንም ቃል የመናገር ዕዳ ያለበት ያው አንዱ ሰው ነው። እኛ የመጀመሪያውን በዐውደ ምሕረት ተናግረን ሁለተኛውን ረሳነው። የዓለም የጤና ድርጅት የኮሮና አስቸኳይ ጊዜ አበቃ ብሎ ያስታወቀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ ያን ዜና በዐውደ ምሕረት የነገረ ካህን ስንት ነው? እኛ አልነገርንም።

ይህ ጕድለት በኮሮና አልተጀመረም። የኤድስ ሕሙማን በሀገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ደዌው ሞት ነው፥ የያዘው ሁሉ አለቀለት እየተባለ ተነገረ፤ በግድግዳ ላይም የራስ ቅልና አፅም ተሣለ። ያን ጊዜ መድኃኒት አልነበረምና ቃሉ ከእውነት እጅግ የራቀ አልነበረም ይባል ይሆናል። ነገር ግን ከሰባክያን መካከል ደዌውን የዝሙት ደመወዝ ብቻ አድርገን ያስተማርን ነበርን፤ ከባሏ የተያዘችውን ሚስት፥ ከእናቱ የተያዘውን ሕፃን አላሰብናቸውም። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ ያለ ዋጋ መሰጠት ሲጀመር ብዙ ሰው ከሞት ደጅ ተመለሰ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ፥ ሕሙማን ሁለቱንም እንዲወስዱ አስተምረዋል። መድኃኒቱን በሥርዓት የወሰደ፥ ተሕዋሲው በደሙ ውስጥ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የቀነሰለት ሰው በሩካቤ ለትዳር ጓደኛው እንደማያስተላልፍም ዛሬ ሐኪሞች አረጋግጠዋል። ይሁን እንጂ አፅሙን የሣለው እጅ በግድግዳው ላይ የዳነውን ሰው አልሣለም። ዛሬም ሳሕኑና ኩባያው ተለይቶ የሚቀመጥለት፥ መድኃኒቱን ከቤተሰቡ ሸሽጎ የሚውጥ፥ ከመርመሪያው ደጅ ደርሶ የሚመለስ ሰው አለ። የንስሐ አባቶች የሆናችሁ ይህን ከእኛ ይልቅ ታውቃላችሁ።

«ሕዝቡ ካላስፈራሩት አይሰማም» የሚለው መልስ አልጠፋንም። እኛም ስንለው ኖረናል። እውነትነት አለው፤ ለስላሳ ቃል ብዙ ጊዜ በጆሮ ላይ ያልፋል፤ በዚያ 2012 ዓ.ም. ደዌው ሃይማኖት ያለውን አይነካም እያሉ ሕዝቡን ያዘናጉም ነበሩ፤ እነርሱ ዝም ካለው ጠባቂ ጋር ይቈጠራሉ። ነገር ግን ይህ መልስ ሰሚውን ልብ እንደሌለው አድርጎ ይቈጥረዋል። እግዚአብሔር ሰውን በአርአያው ሲፈጥረው ክፉውንና ደጉን የሚለይበት አእምሮ ሰጥቶታል፤ እውነቱን በመጠኑ የነገረው ሰው ይህን አእምሮ ያከብረዋል፤ ያጋነነበት ሰው ግን ለበጎ ቢሆንም በፈንታው ፈርዶለታል። ደግሞም ፍርሃት ለሰደደው ሰው አይታዘዝም። ሰውየው ጭምብል እንዲያደርግ ብለን የሰደድነው ፍርሃት በር አዘግቶ ከጤና ጣቢያ አስቀረው። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ክትባቱ በሀገራችን መሰጠት ሲጀመርም፥ ሁሉ ያልቃል ተብሎ ሳያልቅ የቀረው ሕዝብ «ያን ጊዜ ያላችሁት የታለ?» ብሎ ክትባቱን ሲጠራጠር ሰምተናል። አንድ ጊዜ አብዝቶ የጮኸ በሁለተኛው ጊዜ የሚያምነው ያጣል።

በነፍስ ላይ የሚደርሰውንም እንመልከት። ፍርሃት በተፈጥሮው ክፉ አይደለም። ጅብ ያየ ሰው ልቡ ይመታል፥ እንቅልፉ ይጠፋል፥ እግሩ ይበረታል፤ ሲያመልጥ ሁሉም ይመለሳል። ሞት በአየር ውስጥ፥ በወንድምህ እጅ፥ በምትሳለመው መስቀል ላይ አለ የተባለ ሰው ግን ወዴት ይሸሻል? የሚሮጥበት ስለሌለው ፍርሃቱ በውስጡ ይሮጣል። የዓለም የጤና ድርጅት በየካቲት 2014 ዓ.ም. እንዳስታወቀው፥ በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት ጭንቀትና ድባቴ፥ ይኸውም የልብ መጨለም፥ በዓለም ላይ በ25 ከመቶ ጨምሯል። ይህ ሁሉ ከተጋነነ ቃል መጣ አንልም፤ ሥራ ማጣትም፥ ብቸኝነትም፥ ኀዘንም ነበረ። ይሁንና በንስሐ ከሚመጡት መካከል ቆዳቸው እስኪሰነጠቅ እጃቸውን የሚታጠቡ፥ ልጃቸው በሳለ ቍጥር ሌሊቱን ደረቱን ሲያዳምጡ የሚያድሩ እናቶች አሉ። ኃጢአታቸውን ሊናገሩ መጥተው የሚናገሩት ፍርሃታቸውን ነው። እንደነዚህ ያሉትን ሃይማኖታችሁ ጐደለ እያሉ መገሠጽ በቍስል ላይ ጨው መነስነስ ነው፤ ወደ አእምሮ ሐኪም መላክም ሆነ በጸሎትና በጠበል መርዳት ይገባል። ሲራክ ሐኪምን ማክበር እንዲገባ ያስተማረው ለሥጋ ሕመም ብቻ አይመስለንም።

በነገራችን ላይ ለወንድሞቻችን ሰባክያን አንድ ነገር እንበል። ስለ ገሃነም ስናስተምር የንስሐን በር ሳናሳይ የምንወርድበት ቀን የለምን? ፈሪሃ እግዚአብሔር ከተስፋ ጋር የተጋባ ስለ ሆነ ሰውን ወደ እግዚአብሔር ያስጠጋዋል፤ ያለ ተስፋ የሚሰበክ ፍርሃት ግን አዳምን ከዛፎች መካከል ደብቆታል። የደዌውም ስብከታችን ከዚሁ ልማድ የተቀዳ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ኮሌራም ሆነ ስለ ኩፍኝ የጤና ሠራተኞች በዐውደ ምሕረት እንድንናገር ሲለምኑን አስቀድመን እንጠይቃቸዋለን፤ ማንን ይበልጥ ያሠጋል? የታመመ ሰው ወዴት ይሂድ? ከሄደስ በኋላ ምን ይደረግለታል? ማስጠንቀቂያው የሚነሣው መቼ ነው? መጨረሻውን ጥያቄ ስንጠይቅ የሚገረሙ አሉ። መልሱን በወረቀት ጽፈን ይዘን እንወጣለን፤ ከወረቀቱ ላለመውጣትም እንታገላለን፤ የሕዝቡን ለቅሶ የለመደ ምላስ ለመግታት ቀላል አይደለምና።

ያ ምእመን መድኃኒቱን በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ጨረሰ፤ አክታው ንጹሕ መሆኑ ተነገረው፤ ሕፃኑም ዳነ። በሰኔ ወደ አውበሬ ብንመለስ ሱቁን ከፍቶ አገኘነው። ነገር ግን ለራሱ የብቻ ብርጭቆ በመደርደሪያ ላይ ለይቶ አስቀምጧል፤ ገንዘብ የሚቀበለውም በጣቱ ጫፍ ነው፤ መስቀል ስንዘረጋለት ከሩቅ እጅ ነሣ እንጂ አልቀረበም። የጤና ጣቢያው ወረቀት በኪሱ ነበረ። ወረቀቱን አወጣንና በገበያተኛው ፊት ድምፃችንን ከፍ አድርገን አነበብነው። ጎረቤቱ እናትም ሻይ ይዘው መጡ፤ ብርጭቆ ሲያነሱብን፥ በመደርደሪያው ላይ ወዳለው ወደ እርሱ ብርጭቆ አመለከትናቸው፤ በዚያ ቀዱልንና ጠጣን። ከዚያ በኋላ ቀርቦ መስቀሉን ተሳለመ።